ይናዘዛል እንጂ መች ይዘፍናል?
(ስለ ራፐሩ ገብርኤል ቴዎድሮስ፣ ብዙ የዘገየ መልስ)



ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፤ ካዛንቺስ ገና ሳይፈርስ። ከሥራ መልስ አንድ የግጥም ምሽት ላይ ታድሜ ነበር። በዕድሜም በዕውቀትም የሚበልጡኝ፣ እስከ ዛሬም የማከብራቸው አንድ ገጣሚ ወደ መድረክ ወጥተው ስለ ዘመኑ ወጣቶች ሲያወጉ፣ «ራፕ ግጥም አይደለም፤ ቤት የሚመታ ወሬ ነው» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አብሬ አጨበጨብሁ።

ያጨበጨቡት እጆቼ ግን ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቅለው ኪሴ የከተቱት እጆች ነበሩ። ከቡልጋሪያ እስከ ካዛንቺስ በታክሲ ስመጣ መንገዱን ሙሉ የሰማሁት ራፕ ነበር፤ ያውም ግጥም ምን እንደ ሆነ እንደ አዲስ ያስተማረኝን ሰው ራፕ። ጴጥሮስ ጌታውን የካደው ተጠይቆ ነው፤ እኔ ግን የጠየቀኝ ሰው ሳይኖር ካድሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ማታ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ መናገር የነበረብኝ ነገር ነው።

ሰውየው ገብርኤል ቴዎድሮስ ይባላል። እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት፤ እርሱ የሲያትል ልጅ ነው። በአገራችን ስለ ራፕ ሲወራ ስሙ አይነሣም፤ እኛ የምናውቀው ቴዲ ዮን ነው፣ ልጅ ሚካኤልን ነው። እርሱ የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራዎቹንም የሚያወጣው ከታላላቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ደጅ ርቆ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2005 ኪንግዝ ከተባለ ባልንጀራው ጋር «አቢሲኒያን ክሪዮል» በሚል የቡድን ስም አንድ አልበም አወጣ። በ2007 «ላቭወርክ» ተከተለ። በ2012 «ከለርድ ፒፕልስ ታይም ማሺን»፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ከመቅሊት ሃደሮና ከበርንትፌስ ጋር «ኮፐርዋየር» በሚል ስም «ኧርዝባውንድ» ወጡ። በ2014 ከኒው ዚላንዱ አቀናባሪ ከሶልሼፍ ጋር «ኤቪደንስ ኦፍ ቲንግስ ኖት ሲን»ን ሠራ። ልብ ወለድም ይሞክራል፤ «ላሊበላ» የተሰኘ አጭር ታሪኩ በ2015 «ኦክታቪያስ ብሩድ» በተባለው መድበል ውስጥ ታትሟል።

ወደ እኔ የመጣው በታናሽ ወንድሜ በኩል ነው። ወንድሜ ወደ አሜሪካ ከሄደ ዓመታት ተቆጥረዋል። በስልክ ስንገናኝ ያለችው አንዲት ቃል ናት፤ «ደህና ነኝ»። ሥራስ? ደህና ነው። ብርዱስ? ደህና ነው። ወረቀትህስ? እርሱም ደህና ነው። እናታችን ስልኩን ስትዘጋ ሁልጊዜ «ይሄ ልጅ አንድ ነገር ይዟል» ትላለች፤ የያዘውን ነገር ግን ማንም ሊያወጣው አልቻለም። አንድ ማታ ታዲያ ጥቂት ዘፈኖች ላከልኝና ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «ይህን ሰው ስማው። እኔ የማልነግርህን እርሱ ይነግርሃል።»

ሰማሁት። በመጀመሪያው ቀን ከቃላቱ ግማሹ አመለጠኝ። በሁለተኛው ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። በሳምንቱ ደርሼበት የነበረው ነገር ይህ ነው፦ ሰውየው ቅኔ ቤት ሳይገባ ቅኔ ይዘርፋል።

ይህን ስል አጋንኜ እንዳይመስላችሁ። ሰምና ወርቅ የሚቆመው በኅብረ ቃል ነው፤ አንዲት ቃል ሁለት ፍቺ ተሸክማ፣ ላዩን ለሰሙ፣ ውስጡን ለወርቁ ታበድራለች። እስቲ የዚህን ሰው የአልበም ርእሶች ብቻ ልብ በሉ።

«ኧርዝባውንድ» በእንግሊዝኛ ወደ ምድር የሚጓዝ ማለት ነው። ነገር ግን በምድር የታሰረ፣ ከምድር መላቀቅ ያልቻለ ማለትም ይሆናል። የአልበሙ ታሪክ በ2089 ዓመት የተቀመጠ ነው፤ ሦስት ኮብላዮች የጠፈር መርከብ ጠልፈው ወደ ምድር ይመጣሉ። መቅሊት ሃደሮ አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ድምፃዊት ናት፤ በ2009 «አርባ ምንጭ ኮሌክቲቭ»ን መሥርታ በውጭ ያደጉ ኢትዮጵያውያን ከያንያንን ወደ አገራቸው ይዛ የተመለሰችም እርስዋ ናት። እነዚህ ልጆች ስለ ራሳቸው ሲተርኩ ለምን ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሆነው እንደ ቀረቡ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። የገባኝ አንዲትን ቃል ሳስታውስ ነው፤ «ኤሊየን»። ፊልም የሚወድ ሰው ይህችን ቃል ሲሰማ ትልልቅ ዓይን ያለው የጠፈር ፍጡር ይታየዋል። በአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ውስጥ ግን ኤሊየን ማለት የውጭ አገር ሰው ማለት ነው። ወንድሜን ደውዬ ጠየቅሁት። «አዎ» አለኝ፤ «መዝገቤ ላይ ያለው ቁጥር የኤሊየን መለያ ቁጥር ነው የሚባለው።» ከዚያ ለአፍታ ዝም አለና፣ «እኛ እዚህ ከጠፈር የመጣን ነን እኮ፣ ወንድም ጋሼ» ብሎ ሳቀ። ከሄደ ጀምሮ «ደህና ነኝ» ያልሆነ ነገር የተናገረኝ ያን ቀን ነው። ሰሙ የጠፈር ጉዞ፣ ወርቁ ስደት። ይህን የመሰለ ኅብረ ቃል ከመምህር እግር ሥር ቁጭ ብሎ የተማረ ባለቅኔ ቢያገኘው ይኮራበታል።

«ከለርድ ፒፕልስ ታይም ማሺን»ም እንዲሁ ነው። ጥቁር አሜሪካውያን በቀጠሮ ማርፈድን «ከለርድ ፒፕልስ ታይም» ብለው በራሳቸው ላይ ይቀልዳሉ። እኛ «የሐበሻ ቀጠሮ» እንደምንለው መሆኑ ነው። ገብርኤል በዚህ ቀልድ ጫፍ ላይ አንዲት ቃል ቀጠለበት፤ ማሺን፤ መኪና። ቀልዱ ወዲያው የጊዜ መኪና ሆነ፤ የዘገየው ሕዝብ በታሪክ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚመላለስበት መኪና። መሰደቢያችንን መሣፈሪያ አደረገው። ይህ ዝም ብሎ የቃላት ጨዋታ አይመስለኝም፤ የተናቀውን ነገር አንሥቶ መባረክ ነው።

«ኤቪደንስ ኦፍ ቲንግስ ኖት ሲን» ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ጠልቆ የሚሄድ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብብ ሰው ርእሱን እንዳየ ወደ ዕብራውያን መልእክት 11ኛ ምዕራፍ ይሄዳል፤ ሐዋርያው እምነት ምን እንደ ሆነ የፈታበት ስፍራ ነው፤ የማይታየውን ነገር ስለሚያስረዳ ምስክር ይናገራል። የጥቁር አሜሪካውያንን ሥነ ጽሑፍ የሚያነብብ ሰው ግን ጄምስ ባልድዊንን ያስታውሳል። ባልድዊን በአትላንታ ከተማ ከ1979 እስከ 1981 ስለ ተገደሉት ጥቁር ሕፃናት የጻፈውን በ1985 የወጣ መጽሐፉን በዚሁ ቃል ሰይሞታል። አንዱ የማይታየውን ተስፋ ይመሰክራል፤ ሌላው ዓለም ላለማየት ፊቱን ያዞረበትን ሞት። ሁለቱ በአንድ ርእስ ሲገናኙ፣ እምነት ማለት ዓይንን ጨፍኖ መጽናናት ሳይሆን ሌሎች የማያዩትን ለማየት መድፈር ይሆናል።

«ላቭወርክ»ን ብዙ አላብራራም፤ ፍቅርና ሥራ ተጣብቀው አንድ ቃል ሆነዋል። ፍቅር የሚሰማን ነገር ብቻ ሳይሆን ጠዋት ተነሥተን የምንሠራው ነገር ነው ለማለት ነው። ትዳር የያዘ ሰው ሁሉ ይረዳዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ሰው መንፈሳዊ ያልሁት በምን ምክንያት ነው? የእግዚአብሔርን ስም ደጋግሞ ስለ ጠራ አይደለም። ስም በመጥራትማ ቢሆን በየታክሲው የምንሰማው ዘፈን ሁሉ መንፈሳዊ በሆነ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ከፍቼ ስሰማ እናቴ ቡና ታፈላ ነበር። ራፕ አትወድም፤ «ማን ነው ይሄ ሳይተነፍስ የሚያወራው?» ትላለች። ያን ቀን ግን ድምፁ ለስለስ ያለ ስለ ነበር መሰለኝ፣ «ምን ይላል ልጁ?» ብላ ጠየቀችኝ። እየሰማሁ በአማርኛ ፈታሁላት፤ ስለ እናቶች ድካም፣ ስለ ወንድነት ትዕቢት፣ ሰው የራሱን ቁስል ሳይሽር ሌላውን ስለ ማቁሰሉ። እናቴ ስኒውን እንደ ያዘች ቆማ አዳመጠች። በመጨረሻ እንዲህ አለች፤ «ታዲያ ይሄ ልጅ ይናዘዛል እንጂ መች ይዘፍናል?» ስሙንም ጠየቀችኝ፤ ገብርኤል አልኋት። «በል እንግዲህ፣ ቂርቆስን ከነእናቱ ከእሳት ያወጣው እርሱ አይደል» ብላ ወደ ረከቦቷ ተመለሰች። የሰፈራችን ሰው ሐምሌ 19ን አይረሳም፤ ሦስት ዓመት የሆነው ሕፃን የሚፈላው ጋን ፊት እናቱን እየሉጣን ያበረታበት፣ መልአኩም ደርሶ ያዳናቸው ዕለት ነው።

የእናቴ ቃል ብዙ ቀን አብሮኝ ዋለ። እኔ መንፈሳዊ ግጥም ይሆናል ብዬ የማስበው ስለ ሰማይ የሚናገረውን ነበር። እርስዋ ግን ወዲያው ለይታ ያወቀችው ኑዛዜውን ነው። የበገናን መዝሙር አስቡት። ዐሥር አውታር፣ ዝግ ያለ ድምፅ። እነ ዓለሙ አጋ ሲደረድሩ የሰማ ሰው እንደሚያውቀው፣ በገና ደርዳሪ ድምፁን ሰቅሎ አይዘፍንም፤ ዝቅ ብሎ ይናገራል። የሚናገረውም ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ከሁሉ በላይ ስለ ራሱ በደል ነው። የወሎ መንዙማም ቤት እየመታ ያስተምራል፣ ይማልዳል፣ ያስለቅሳል። ከዜማና ከንግግር ድንበር ላይ ቆሞ ነፍስን መመርመር ለእኛ ባዕድ አይደለም። ራፕ የተወለደው በ1973 በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ በተባለው ሰፈር ቢሆንም፣ የገብርኤል ዓይነቱ ራፕ ወደ እናቴ ቤት ሲገባ እንግዳ ያልሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

ቃሉን እንኳ ብንመለከት፣ ባለቅኔ ቅኔ «ዘረፈ» እንላለን። ቅኔ ደግሞ በየዕለቱ አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተዘረፈውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። የሂፕ ሆፕ ሰዎችም ሌላ ሰው ከሠራው ሸክላ ላይ አንዲት ቁራጭ ዜማ ዘርፈው አዲስ ነገር ያቆሙበታል፤ ሳይዘጋጁ ከአፍ እየነጠቁ የሚገጥሙ አሉ፤ የሌላውን ስንኝ የደገመም ይዋረዳል። ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው «ተቀበል!» ሲባል ምን እንደሚሆን ያውቃል። ቅኔ ማሕሌቱ፣ አዝማሪ ቤቱና የራፐሩ መድረክ ሦስት የተለያዩ ቤቶች ናቸው፤ የሚፈትኑት ግን አንዱን ችሎታ ነው።

ከወዳጆቼ ጋር ስንከራከር የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው «በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ለእኛ ሥነ ጽሑፍ ምን ይፈይዳል?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ የአማርኛ ግጥም አይደለም፤ ነው የሚልም የለም። ነገር ግን ቅኔው በግዕዝ ሲዘረፍ ከውጭ የቆመው ምእመን ስንቱ ይረዳዋል? እኛ የማናውቀው ቋንቋ ውስጥም ነፍስ እንዳለ አምነን ያደግን ሕዝብ ነን። ይልቅ የሚያሳስበኝ፣ የእኛን የስደት ታሪክ የሚጽፉ የእኛ ልጆች በሌላ ቋንቋ እየጻፉ መሆናቸውና እኛ አለማንበባችን ነው። ወደ አማርኛ የሚመልሳቸው ብርቱ ሰው ያስፈልጋል።

ሁለተኛው «ራፕ ስለ ገንዘብና ስለ ጉራ ነው» የሚል ነው። ብዙው እንደዚያ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ፉከራና ሽለላስ ስለ ማን ነው? ስለ ፎካሪው አይደለምን? በጉራው ምክንያት ፉከራን ከግጥም ተራ ያወጣ ሰው አልሰማሁም። አንድን የግጥም ዓይነት በከፉ ሥራዎቹ ብንመዝነው የሚተርፍ የለም፤ እኔ ራሴ የጻፍኋቸውን ብትሰበስቡ አማርኛ ግጥም ጨርሶ መቅረት አለበት ትሉ ነበር።

ሦስተኛው የሃይማኖት ነው። «መንፈሳዊ ካልከው የማን መንፈስ ነው?» ይሉኛል። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ የገብርኤል ቴዎድሮስ ግጥም ቤተ ክርስቲያን የምትዘምረው መዝሙር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ በመዝሙር ስፍራም አላስቀምጠውም። በሁሉ ነገር ከእርሱ ጋር አልስማማም። እንደ ገጣሚም ነቀፋ አለኝ፤ አንዳንድ ጊዜ መልእክቱ ያይልበትና ምስሉን ይረግጠዋል፤ ዘፈን መሆኑ ቀርቶ ትምህርት ይሆናል። ነገር ግን ሰው ሲናዘዝ ስሰማ ማዕተቡን አልፈትሽም፤ ራሴን ነው የምፈትሽ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጥቂት እንድናገር ፍቀዱልኝ። ቀን ቀን ባንክ ቤት የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ቀለም እቆጥራለሁ። ወል ቤት ስድስት በስድስት፣ ሰንጎ መገን አምስት በአምስት፤ የስንኞቼ ልክ ጎድሎ አያውቅም። ብር ሲመጣልን ግን ቆጥረን ብቻ አንቀበልም፤ ወደ ብርሃን አንሥተን በውስጡ ያለውን የተሰወረ ምስል እናያለን። ያንን ሰው ስሰማ የራሴን ግጥሞች ወደ ብርሃን አነሣኋቸው። ቁጥሩ ሙሉ ነው፤ ውስጡ ግን ምንም የለም። ስለ ዓባይ ጽፌአለሁ፣ ስለ አድዋ ጽፌአለሁ፣ ስለ ጨረቃ ጽፌአለሁ። ወንድሜን ስንት ዓመት እንደ ናፈቅሁትና ጠርቼ «ደህና አይደለሁም» ማለት እንዳቃተኝ ግን አንዲት ስንኝ አልጻፍሁም። «ደህና ነኝ» የሚለው እርሱ ብቻ አልነበረም።

ካዛንቺስም ሄደ። ስሙ ከጣልያን ወረራ ዘመን የቀረ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ድርጅት ስም የመጣ ሲሆን፣ «ካዛ» በጣልያንኛ ቤት ማለት ነው። ባዕድ ያወጣለትን ስም ቤታችን አድርገነው ኖርን። በ2024፣ በእኛ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ፣ የኮሪደር ልማቱ ደርሶ ስሙ ቤት የሆነው ሰፈር ቤቶቹ ፈረሱ፤ ሰዉ ወደ ከተማው ዳር ዳር ተበተነ፤ ፈንድቃም ከቆየበት ስፍራ ለቀቀ። አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው፣ መብራቱም ያምራል፤ ይህን አልክድም። ግን ማታ ማታ ከቡልጋሪያ በእግሬ ወጣ ብዬ በዚያ ሳልፍ፣ የማውቀው በር የነበረበትን ስፍራ በዓይኔ እፈልጋለሁ። ከአገሬ ሳልወጣ ኤሊየን መሆን እንደሚቻል የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ያን ዕለት ወንድሜ የነገረኝን ነገር ሙሉ በሙሉ የሰማሁትም ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ለዚያ ማታው መድረክ መልሴ ይህ ነው። የተከበሩ መምህር ሆይ፣ «ቤት የሚመታ ወሬ» ብለው ነበር። ትክክል ነዎት፤ ከቤት የራቀ ሰው ቤት ይመታል። ቤት ስለሌለው በቃል ይሠራዋል። ወሬውም ወሬ ነው፤ ከሩቅ ያለ ወንድም ደህና አለመሆኑን የሚነግረን ወሬ። ይህን ካልሰማን ግጥም የምንለው ምኑን ነው? ያን ጊዜ ስላጨበጨብሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እርስዎን ሳይሆን፣ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ሰውና ወንድሜን።

ከዚህ ጽሑፍ ጋር ለወንድሜ የላክኋትን አጭር ግጥም አያይዣለሁ። ቀለሟን አልቆጠርሁም።

«ደህና ነኝ» ትለኛለህ፣ «ደህና ነኝ» እልሃለሁ፤
በሁለት «ደህና» መኻል፣ ባሕር ተኝቶ አያለሁ።
አንተ ካገር ወጥተህ፣ ባዕድ ተብለሃል፤
እኔም ካገር ሳልወጣ፣ ሰፈሬ ጠፍቶኛል።
ከቤት ርቆ ቤት የሚመታ፣ ያን ሰው ሳዳምጥ ውዬ፣
ደጅህ ደረስሁ ወንድሜ፣ ባንድ ስንኝ ተከልዬ።